ማስኩ ፊታቸው ላይ ገጥሟል? የልክ ፍተሻ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለሠራተኛ ማስክ ሲገዛ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው። ኤን95 ነው ወይስ ኤፍኤፍፒ2? ስንት በመቶ ያጣራል? ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ማጣሪያው ብቻ ነው። ኤን95 ሲባል፣ ለመያዝ በጣም አስቸጋሪ ከሆኑት 0.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ካሉ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል ማለት ነው። በአውሮፓ ደረጃ ደግሞ ኤፍኤፍፒ2 ቢያንስ 94 በመቶ፣ ኤፍኤፍፒ3 ቢያንስ 99 በመቶ ያስቀራል። ማጣሪያው እንዲህ ሲለካ ግን ጠርዙ ዙሪያውን ታሽጎ ነው። አየር በጎን የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም።

የሰው ፊት እንዲህ አይታሸግም። አፍንጫ አለ፣ ጉንጭ አለ፣ አገጭ አለ። አየር ደግሞ ምንጊዜም በቀለለው መንገድ ነው የሚሄደው። ሠራተኛው ትንፋሽ ሲስብ አየሩ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ጥቅጥቅ ባለው ማጣሪያ ውስጥ መታገል፣ ወይ አፍንጫው አጠገብ ባለች ክፍተት ሹልክ ማለት። ክፍተት ካገኘ ሹልክ ይላል። የድንጋይ ብናኙም፣ የብየዳ ጭሱም፣ ጀርሙም አብሮት ይገባል። ሠራተኛው ግን ማስክ አድርጌያለሁ ብሎ ተማምኗል። ከአቧራው አይሸሽም፣ ፊቱንም አያዞርም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ማስኩ እያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ መግጠሙ መፈተሽ አለበት። የመፈተሻ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። በምላስ የሚፈተሽ አለ፣ በማሽተት የሚፈተሽ አለ፣ በማሽን የሚለካ አለ። የትኛው ይሻላል ለሚለው የኔ መልስ አጭር ነው። ምርጫው በዋጋ አይጀመርም። በማስኩ ዓይነት ይጀመራል፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በእጅ መፈተሽ ሌላ፣ የልክ ፍተሻ ሌላ

ብዙ መሥሪያ ቤት የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። በእጅ መፈተሽ ማለት ሠራተኛው ማስኩን ባደረገ ቁጥር ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ማስኩን ሳይጫን በሁለት እጁ ይሸፍነዋል፣ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ዓይኑ አካባቢ ነፋስ ከተሰማው ከላይ ያፈሳል። ከዚያ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል። ማስኩ ወደ ፊቱ ጠጋ ካለ ጥሩ ነው። ካርትሪጅ፣ ማለትም ተፈትቶ የሚቀየር ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ ከሆነ የካርትሪጆቹን መግቢያ በመዳፉ ዘግቶ ይስባል፤ ማስኩ ተሰብስቦ ለጥቂት ሰከንድ እንደዚያው መቆየት አለበት።

የልክ ፍተሻ ደግሞ የሠለጠነ ፈታኝ ባለበት፣ በተወሰነ ሥርዓት የሚደረግ ነው። የሚመልሰው ጥያቄም ሌላ ነው። ይህ ሞዴል፣ በዚህ መጠን፣ ለዚህ ሰው ፊት ይሆናል ወይ? ይህ አንዴ ይመለሳል፣ ከዚያ በየጊዜው ይታደሳል። በእጅ መፈተሽ የሚመልሰው ደግሞ አሁን፣ ዛሬ ጠዋት፣ ያደረግሁት በትክክል ተቀምጧል ወይ የሚለውን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። “እኛ ጋ ሁሉም በእጁ ይፈትሻል፣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልገንም” የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

የትኛው ማስክ ይፈተሻል?

ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ ሁሉ ይፈተሻል። ተጠቅመው የሚጥሉት ኤን95 እና ኤፍኤፍፒ፣ የጎማው ግማሽ ፊት ማስክ፣ ዓይንን ጨምሮ የሚሸፍነው ሙሉ ፊት ማስክ፣ ሁሉም። በባትሪ አየር የሚነፋውም ቢሆን ፊት ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ይፈተሻል። “አየሩ እየተነፋ ስለሆነ ቢያፈስም ወደ ውጭ ነው” የሚል ክርክር አለ። ሰው በከባድ ሥራ ላይ በኃይል ሲስብ ግን ከሚነፋው በላይ ሊስብ ይችላል። ፍተሻው የሚደረገውም ንፋሹ ጠፍቶ ነው።

የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ እዚህ ምድብ ውስጥ አይገባም። ጎኑ ክፍት ነው፣ ለመግጠም ተብሎም አልተሠራም። የሚያደርገው ሰው ምራቅ ሌላው ላይ እንዳይፈናጠቅ ይረዳል። የሲሚንቶ ብናኝ ውስጥ ለሚውል ሰው ግን መከላከያ ብሎ መስጠት ተገቢ አይደለም። ጭንቅላትን ሸፍኖ ላላ ብሎ የሚወርደው፣ በባትሪ አየር የሚነፋው መሸፈኛ ደግሞ ፊት ላይ ስለማይጠብቅ የልክ ፍተሻ አያስፈልገውም። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ ለአንዳንድ ሠራተኞች ትልቅ መፍትሔ ነው።

በምላስ የሚደረገው ፍተሻ፦ መራራው እና ጣፋጩ

በብዙ ቦታ የሚሠራበት ይሄ ነው። ዕቃው በአንድ ሣጥን ይመጣል። ከፊት ለፊት መስኮት ያለው ሰፊ የጭንቅላት መሸፈኛ፣ በእጅ የሚጨመቁ ሁለት መርጫዎች፣ ሁለት ጠርሙስ ፈሳሽ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። ፈሳሹ ወይ ቢትሬክስ የተባለው መራራ ነገር ነው፣ ወይ ሳካሪን የተባለው ጣፋጭ። ቢትሬክስ ሕፃናት የቤት ውስጥ ኬሚካል አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ወዲያው እንዲተፉት ተብሎ ምርቱ ላይ የሚጨመረው መራራ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ተፈታኙ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከውሃ በቀር አይበላም አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ማስቲካ አያኝክም። መጀመሪያ ያለ ማስክ መሸፈኛው ይጠለቅለታል። አፉን ከፈት አድርጎ፣ ምላሱን ትንሽ አውጥቶ ይተነፍሳል። ፈታኙ በቀዳዳው በኩል ቀጭኑን ፈሳሽ 10 ጊዜ ይረጫል። ተሰማህ? ካልተሰማው ሌላ 10፣ ከዚያም ሌላ 10። 30 ደርሶ ምንም ካልቀመሰ ያ ሰው በዚህ ፈሳሽ ሊፈተሽ አይችልም። ሌላ ዘዴ ይፈለግለታል። ይህን ደረጃ ዘልሎ የሚያልፍ ፈታኝ ካያችሁ አስቁሙት። ጣዕም የማይለይ ሰው ማስኩ ወንፊት ቢሆን እንኳ “ምንም አልተሰማኝም” ብሎ ያልፋል።

ቀጥሎ ማስኩን ያደርጋል። መሸፈኛው እንደገና ይጠለቃል፣ አሁን የሚረጨው ወፍራሙ ፈሳሽ ነው። የሳካሪኑን ብናይ ቀጭኑ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 0.83 ግራም አለው፣ ወፍራሙ ግን በ100 ሚሊ ሊትር 83 ግራም። መቶ እጥፍ ነው። መቶ እጥፍ የበዛ ጣዕም ውጭ ቆሞ ውስጥ ምንም ካልተቀመሰ፣ ማስኩ የውጩን ቢያንስ መቶ እጥፍ ቀንሶታል ማለት ነው። ቆንጆ ስሌት ነው፤ ያለ ምንም ማሽን ቁጥር ላይ ያደርሳል።

ፈሳሹ በየ30 ሰከንዱ እየተጨመረ ሠራተኛው ሰባት እንቅስቃሴ ያደርጋል፣ እያንዳንዱ ለ1 ደቂቃ። በዝግታ ይተነፍሳል፣ በረዥሙ ይተነፍሳል፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጋል፣ ጮክ ብሎ ያወራል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ በመጨረሻ እንደገና በዝግታ ይተነፍሳል። ለወሬው የሚነበብ ጽሑፍ ከሌለ ከ100 ወደ ታች መቁጠር ይበቃል። የሆነ ቦታ ላይ ጣዕሙ ከመጣ ማስኩ ወድቋል።

ከሁለቱ የትኛው? እኔ መራራውን እመርጣለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው። ይህ ፍተሻ የተፈታኙን እውነተኝነት ይጠይቃል። ሥራው የሚያስቸኩለው ወይም ውጤቱን የፈራ ሰው ትንሽ ጣፋጭ ቢመጣበት ዝም ሊል ይችላል። መራራ ሲመጣ ግን ዝም ማለት ከባድ ነው። ፊቱ ራሱ ይናገራል፣ ፈታኙም በመስኮቱ ያየዋል። ጉዳቱ ምሬቱ ቶሎ አለመልቀቁ ነው። የወደቀ ሰው አፉን በደንብ ተጉመጥምጦ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ሌላ ማስክ የሚሞክረው። ለብዙ ሰው በአንድ ቀን ስትፈትሹ ለዚህ ጊዜ መመደብ አለባችሁ።

አንድ በቀላሉ የሚረሳ ነገር ልጨምር። መርጫው ይደፈናል። ፈሳሹ አፍንጫው ላይ ይደርቅና የሚረጨው ይቀንሳል። ያኔ የቀመሰ አይኖርም፣ ሁሉም ያልፋል። ሠላሳ ሰው በተከታታይ አልፎ አንድም ካልወደቀ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት መርጫውን እዩት። ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ ታጥቦ መድረቅ አለበት። በፍተሻው መሃልም እየረጨ መሆኑን በዓይን ማየት ጥሩ ነው።

በማሽተት እና በጭስ

አይሶአሚል አሲቴት የሚባል የሙዝ ሽታ ያለው ፈሳሽ አለ። እሱ ጋዝ ስለሚሆን በአቧራ ማጣሪያ አይያዝም። ኤን95 አድርጎ በዚህ የተፈተሸ ሰው ማስኩ ልክ ቢሆንም ይሸተዋል። ስለዚህ የሚሠራው የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ለተገጠመለት ማስክ ብቻ ነው። ሌላው ችግር አፍንጫ ሽታውን ቶሎ መልመዱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሽታው ከቆየ ሰውየው ሳያውቀው ይለምደዋል። የዝግጅት ክፍሉና የመፈተሻው ክፍል የሚለያዩት ለዚህ ነው። ቀለም ቤት ውስጥ ለሚሠሩ፣ ካርትሪጅ ላላቸው ሰዎች አማራጭ ይሆናል። ለሌላው እለፉት።

የሚቆጠቁጥ ጭስም አለ፣ ስታኒክ ክሎራይድ ከሚባል ኬሚካል የሚወጣ። ካፈሰ ሰውየው ሳይወድ ያስለዋል፣ ማስመሰል አይቻልም። ግን ጭሱ ራሱ ሳንባን ይጎዳል። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም እንዳይሠራበት ይመክራል። የሠራተኛን ሳንባ ለመጠበቅ ብለን ሳንባውን የሚጎዳ ነገር አናስተነፍሰውም። በኔ በኩል ምርጫ ውስጥ አይገባም።

በማሽን የሚለካው

እዚህ “ተሰማህ?” የሚል ጥያቄ የለም። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል። በብዛት የሚታወቀው ፖርታካውንት የሚባለው ዓይነት ነው። ክፍሉ አየር ውስጥ ያሉትን ደቃቅ ብናኞች ይቆጥራል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ማስኩ ውስጥ ያሉትን ይቆጥራል። የውጩን ለውስጡ ያካፍላል። ውጭ 5,000፣ ውስጥ 50 ከሆነ ውጤቱ 100 ነው። ይህን የልክ ቁጥር እንበለው።

ኦሻ፣ የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ ለግማሽ ፊት ማስክና ለሚጣሉት ቢያንስ 100 ይጠይቃል፣ ለሙሉ ፊት ማስክ ቢያንስ 500። ቁጥሮቹ ከየት መጡ ለሚል፣ ግማሽ ፊት ማስክ በሥራ ላይ 10 እጥፍ፣ ሙሉ ፊት ማስክ 50 እጥፍ ይከላከላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። በፍተሻ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ተረጋግቶ ነው የሚቆመው፤ ሥራ ላይ ግን ያልበዋል፣ ይሸከማል፣ ይጮኻል። ለዚያ መጠባበቂያ ተብሎ በ10 ይባዛል። የብሪታንያው የሥራ ደህንነት ተቋም ኤችኤስኢ ለሙሉ ፊት ማስክ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በብናኝ ቆጣሪ ሲለካ 2,000 ይላል።

የማሽኑ ትልቁ ጥቅም ግን ቁጥሩ ራሱ አይመስለኝም። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ላይ የሆነውን ለይቶ ማሳየቱ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሠራተኛው በስድስቱ እንቅስቃሴዎች 200 አመጣ እንበል። ጎንበስ ቀና ሲል ግን 20። ተራ አማካይ ብታወጡ 174 ይሆናል፣ ያልፋል። ማሽኑ ግን እንደዚያ አያሰላም። የሚደምረው በየእንቅስቃሴው የሚያፈሰውን ነው። በዚህ ስሌት 87 ላይ ይቆማል። ወደቀ። ትክክልም ነው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ወለል የሚፈጭ ቢሆንስ? የሚተነፍሰው በሃያው ነው እንጂ በሁለት መቶው አይደለም። በምላስ ሲፈተሽ “ወደቅህ” ብቻ ነው የሚባለው። ማሽኑ ግን “ስትጎነበስ አገጭህ ጋ ይከፈታል” ወደሚል ንግግር ይወስዳችኋል። ስክሪኑን እያየ ማሰሪያውን ሲያስተካክልና ቁጥሩ ሲወጣ ያየ ሠራተኛ፣ ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ይማራል።

ጊዜም ይቆጥባል። ኦሻ እ.ኤ.አ. በ2019 አጠር ያሉ የማሽን ሥርዓቶችን ፈቅዷል፤ አንዱ ፍተሻ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ወርዷል።

ጉዳቱስ? ማሽኑ ውድ ነው፣ በየዓመቱ ለማስተካከያ ይላካል፣ የሚያሠራውም ሰው በደንብ መሠልጠን አለበት። የሚጣለውን ማስክ ለመፈተሽ ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳበታል፤ የተበሳው ማስክ ከዚያ ወዲያ ለሥራ አይውልም። ኤን95 ራሱ ጥቂት ደቃቅ ብናኝ ስለሚያሳልፍ፣ ማሽኑ በጠርዝ የገባውን በጨርቁ ካለፈው እንዲለይ ለኤን95 የተዘጋጀ አሠራር ያስፈልገዋል። ያ የሌለው አሮጌ ማሽን ደህናውን ማስክ ይጥለዋል። ክፍሉ በጣም ንጹሕ ከሆነም የሚቆጠር ብናኝ ያጥራል፤ የጨው ብናኝ የሚያመነጭ ትንሽ መሣሪያ ይቀመጣል። ከፍተሻው በፊት ለ30 ደቂቃ ማጨስም አይቻልም። የአጫሽ ትንፋሽ ውስጥ ያለው ብናኝ እንደ ፍሳሽ ይቆጠራል።

ሌላ ዓይነት ማሽንም አለ። ብናኝ አይቆጥርም። ሠራተኛው ትንፋሹን ወደ 10 ሰከንድ ይይዛል፣ ማሽኑ ከማስኩ ውስጥ አየር እየሳበ በጠርዝ የሚገባውን ይለካል። ፈጣን ነው። አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ በመሃሉ ማስኩን አውልቆ እንደገና እንዲያደርግ መጠየቁ ነው። ማስኩን ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም እጅ ይፈትናል። ግን የማስኩ ማጣሪያ ወጥቶ በቦታው የማሽኑ መግጠሚያ መግባት ስላለበት፣ ለሚጣሉት ማስኮች አይሆንም። ለጎማዎቹ ብቻ ነው። ትንፋሽ መያዝ የሚከብደው ሰውም አይችለውም።

ታዲያ የትኛውን?

ሠራተኞቻችሁ የሚያደርጉት የሚጣል ማስክ ወይም ግማሽ ፊት ከሆነና ቁጥራቸውም ብዙ ካልሆነ፣ የመራራው ሣጥን ይበቃችኋል። ማሽን አልገዛንም ብላችሁ ፍተሻውን አታዘግዩ። በደንብ የተሠራ የምላስ ፍተሻ፣ በግዴለሽነት ከተሠራ የማሽን ፍተሻ ይሻላል።

ሙሉ ፊት ማስክ ከሆነ ግን ወደ ማሽን ሂዱ። የምላስ ፍተሻ የሚያረጋግጠው እስከ 100 ድረስ ነው። ሙሉ ፊት ማስክ ገዝቶ በምላስ ብቻ መፈተሽ ክልክል አይደለም፤ ግን በኦሻ ሕግ ያ ማስክ እንደ ግማሽ ፊት ማስክ 10 እጥፍ ብቻ ነው የሚቆጠርለት። ለ50 ከፍላችሁ 10 ታገኛላችሁ። ሥራው አስቤስቶስ ወይም እርሳስ ያለበት ስለሆነ ሙሉ ፊት የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

ሠራተኛው በጣም ብዙ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሆስፒታል ወይም ትልቅ ፋብሪካ፣ ለሚጣል ማስክም ቢሆን ማሽን ያዋጣል። በአንድ ሰው 2 ደቂቃ ተኩልና 15 ደቂቃ መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ሰው ሲባዛ ቀናት ነው። ለመግዛት ካልሆነ በአገልግሎት መልክ የሚፈትሹ ባለሙያዎችን ማስመጣት ይቻላል። ጣዕም የማይለዩት፣ በጉንፋን የተያዙትና “ምንም አልተሰማኝም” ማለት የለመዱትም በማሽን ቢፈተሹ ይሻላል።

ከፍተሻው በፊት የሚወሰን ነገር

ፂም። እዚህ ላይ ድርድር የለም። የማስኩ ጠርዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፀጉር ካለ ማስኩ ያፈሳል፣ የአንድ ቀን ቅሪትም ቢሆን። ኤችኤስኢ ባለፉት 8 ሰዓታት ውስጥ የተላጨ ይላል። ማስኩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚቀር፣ መተንፈሻውን የማይነካ ትንሽ ሪዝ ችግር የለውም። ፂም ያለውን ሰው “እስኪ እንሞክረው” ብሎ መፈተሽም አይገባም። በአጋጣሚ ቢያልፍ እንኳ ፂሙ በሚቀጥለው ሳምንት ያው አይሆንም።

በሃይማኖቱ ወይም በቆዳው ሕመም የተነሳ የማይላጭ ሰው ግን አለ። እሱን ከሥራ ማስወጣት ወይም እንዳላየ ማለፍ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቅድም የዘለልኩት ላላ ብሎ የሚወርደው፣ በባትሪ አየር የሚነፋው መሸፈኛ ለዚህ ነው የሚሆነው። ኦሻ 25 እጥፍ ይሰጠዋል፤ ከግማሽ ፊት ማስክ በላይ ነው። መነጽር አይከለክልም፣ ትንፋሽም አያጥርም። ዋጋው፣ ክብደቱና ባትሪውን መሙላት ግን አለ። ለሁሉም መግዛት ባትችሉ ለሚያስፈልጋቸው ግዙ።

መጠን። አንድ ሞዴል በአንድ መጠን አምጥቶ ለሁሉም ማደል፣ አንድ ቁጥር ጫማ ለሁሉም እንደማደል ነው። ማስኮች ለረጅም ጊዜ የተሠሩበት የፊት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1967 እና 1968 ከአሜሪካ አየር ኃይል አባላት የተወሰደ ነበር። ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ፊት ለክቶ አዲስ መለኪያ ያወጣው አሮጌው የዛሬውን ሠራተኛ ስለማይወክል ነው። ፊታቸው ትንሽ የሆነ፣ በተለይ ብዙ ሴቶች፣ መደበኛ በሚባለው መጠን ይወድቃሉ። ስለዚህ ከመፈተሻችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ሞዴል፣ ትንሹንም ትልቁንም አቅርቡ። ሠራተኛው ራሱ ይምረጥ። ከፍተሻው በፊት ለ5 ደቂቃ ያህል አድርጎት ይቆይ። የሚቆረቁረው ማስክ ፍተሻውን ቢያልፍ እንኳ ኃላፊው ዞር ሲል ይወልቃል።

አደራረግ። ሁለቱ ማሰሪያዎች ለየብቻ ቦታ አላቸው። የላይኛው አናት ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ። ሁለቱንም ማጅራት ላይ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል፤ ያ ማስክ ከአፍንጫ ላይ ይነሳል። የአፍንጫው ብረት በአንድ እጅ ቆንጠጥ አይደረግም። እንዲያ ሲደረግ መሃሉ ይታጠፍና ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ መስኮት ይፈጠራል። በሁለት እጅ ጣቶች ከመሃል ወደ ጎን እየተጫኑ ማስያዝ ነው። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠሉት እንደ ብዙዎቹ ኬኤን95 (የቻይናው ደረጃ) ያሉት በጭንቅላት ከሚታሰሩት ይልቅ ስለሚላሉ በፍተሻ በብዛት ይወድቃሉ። ምርጫ ካላችሁ በጭንቅላት የሚታሰረውን ውሰዱ።

መነጽር፣ ሄልሜት፣ የጆሮ መከላከያ፣ ሥራ ላይ የሚደረገው ሁሉ በፍተሻው ጊዜም ይደረግ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ማስኩን የሚገፋው ከሆነ ማወቅ ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛው ማስክ አድርጎ መሥራት የሚያስችል ጤና እንዳለው ደግሞ አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት። የአስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ችግሩ የሚታወቀው መሸፈኛው ውስጥ ሆኖ መሆን የለበትም።

ከፍተሻው በኋላ

የወደቀ ሠራተኛ አላጠፋም። የወደቀው ማስኩ ነው። ይህን ፊት ለፊት ንገሩት፣ ሌላ መጠን ወይም ሌላ ሞዴል ስጡት፣ እንደገና ፈትሹት። የሚሆነው እስኪገኝ አቧራው ውስጥ አታስገቡት። ወጪው የአሠሪው ነው፤ ከደመወዙ አይቆረጥም።

ኦሻ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲደገም ያዛል። ከዚያ በፊትም የፊቱ ቅርጽ ከተለወጠ ይደገማል። በጣም ከከሳ ወይም ከወፈረ፣ ጥርስ ካስነቀለ ወይም ካስተከለ፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ወይም ቀዶ ጥገና ካለ። ሠራተኛው ራሱ መጥቶ እንዲናገር አስተምሩት፤ የጥርሱን ጉዳይ ከማስክ ጋር ማንም አያያይዘውም።

ውጤቱን ስትመዘግቡ ስሙንና “አልፏል” የሚለውን ብቻ አትጻፉ። የማስኩን ሠሪ፣ ሞዴሉን፣ መጠኑን፣ የተፈተሸበትን ዘዴና ቀኑን ጻፉ። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጥ። ግዥ ክፍል ዋጋው ቀንሶ ስላገኘው ብቻ የሌላ ሠሪ ኤን95 ሊያስገባ ይችላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ያው ስለሆነ ማንም አይጠይቅም። ያኔ ግን ያለፋችሁት ፍተሻ ለአዲሱ ማስክ አይሠራም። ግምጃ ቤቱ ከማደሉ በፊት መዝገቡን አይቶ፣ ሞዴሉ ከሌለበት ይዞ ያቆየውና ፈታኙን ይጥራ።